የሸራ ጀልባ የውጭ እንጨት፦ ባዶውን መተው፣ ዘይት፣ ቫርኒሽ ወይስ ቀለም?

የጀልባ ዕቃ በሚሸጥበት መደብር ገብቶ የእንጨት መቀቢያዎች ከተደረደሩበት መደርደሪያ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ችግር ይገጥመዋል፤ እያንዳንዱ ጣሳ ስለ ራሱ የሚናገረው በተቀባ ማግስት ስለሚኖረው መልክ ነው። በተቀባ ማግስት ግን የማያምር የለም። ዘይት የጠጣ የቲክ እንጨትም፣ ስምንት እጅ ቫርኒሽ የለበሰ የማሆጋኒ እንጨትም፣ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚቀባው ዘመናዊ ፖሊዩሪቴንም በመጀመሪያው ሳምንት ዓይን ይስባሉ፤ ልዩነታቸው ገሃድ የሚወጣው ሁለት የሙቀት ወቅትና ሁለት ውርጭ ካለፈባቸው በኋላ ነው። ስለዚህ መራጩ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ሲበላሽ እንዴት ይበላሻል? ከተበላሸስ በኋላ መጠገኑ ምን ያህል ያደክማል?» ብሎ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ጽሑፍ እያንዳንዱን አማራጭ የምመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው።

የምኖረው በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን፣ የምጽፈውም አናፖሊስ ላይ የታሰረች አንዲት አሮጌ ጀልባ ቅዳሜና እሑድ እየተንከባከብኩ ካገኘሁት ልምድ ነው። ጀልባዋ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተሠራች፣ 9 ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ አካሏ ፋይበርግላስ የሆነ ናት፤ ይሁን እንጂ በወለሏ ዳር ዙሪያውን የሚሄደው ዝቅተኛ የእንጨት ጠርዝ፣ በጣሪያዋ ላይ ያሉት የእጅ መያዣዎች፣ የመግቢያዋ መዝጊያ ሳንቃዎችና የመሪዋ እጀታ ሁሉም እንጨት ናቸው። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አየር ለእንጨት አይራራም። በጁላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ እርጥበቱም ከባድ ነው፣ ሌሊት የሚወርደው ጤዛ ወለሉን እንደ ዝናብ ያርሰዋል፣ በጃንዋሪ ደግሞ በስንጥቅ ውስጥ የተኛ ውኃ በረዶ ሆኖ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ፀሐዩ ከዚህ በሚበረታበት አካባቢ፣ ለምሳሌ በባሕረ ሰላጤው የዐረብ አገሮች፣ ጀልባ ያለው ሰው ከዚህ በታች የምሰጣቸውን የጥገና ጊዜያት ማሳጠር ይኖርበታል።

እንጨቱን የሚጎዳው

ጠላቶቹ ሁለት ናቸው፤ ፀሐይና ውኃ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የእንጨቱን ቃጫዎች እርስ በርስ አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይሰባብረዋል፤ ዝናቡ የተሰባበረውን አጥቦ ይወስደዋል፤ የሚቀረው ግራጫና ለስላሳ ቃጫ ብቻ ይሆናል። ግልጽ መቀቢያ በተቀባ እንጨት ላይ ደግሞ ጨረሩ መቀቢያውን አልፎ ከሥሩ ያለውን እንጨት ስለሚያገኘው፣ መቀቢያው ራሱ ሳይጎዳ የተጣበቀበት የእንጨት ገጽ ሊለቅ ይችላል። ውኃው በበኩሉ የሚገባው ሰፊ ከሆነው የሳንቃ ገጽ ይልቅ በተቆረጠው ጫፍ፣ በመጋጠሚያውና በብሎን ቀዳዳ በኩል ነው። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ለሚያበሰብሰው ፈንገስ ምቹ ይሆንለታል። በመሆኑም ከማንኛውም መቀቢያ የምንፈልገው ጨረር እንዲከላከልልን ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ሾልኮ የገባ ውኃ ሲያጋጥመው ምን ይሆናል የሚለውም እኩል ይመዝናል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ሁለተኛውን ነው።

የእንጨቱ ዓይነት ምርጫውን በግማሽ ይወስነዋል። ከሕንድ፣ ከምያንማር፣ ከታይላንድና ከላኦስ ደኖች የመጣው ቲክ በውስጡ የተፈጥሮ ዘይት ስላለው ምንም ሳይቀባ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ማሆጋኒ እንዲህ አይደለም፤ ባዶውን ከተተወ ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃል። ለመሪ እጀታ ከማሆጋኒ ጋር እየተደራረበ የሚጣበቀው አሽ የተባለው ነጣ ያለ እንጨትና ሸራው ለሚሰቀልበት ምሰሶ የሚመረጠው ሲትካ ስፕሩስ የተባለው እንጨት ደግሞ ሳይቀቡ ከቀሩ ቶሎ ይበሰብሳሉ። እንግዲህ «ቀብቼ ልጠብቀው ወይስ ልተወው?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ለቲክ ብቻ ነው፤ ለሌሎቹ ጥያቄው በምን ይቀቡ የሚለው ነው።

ባዶውን መተው

ባዶ ቲክ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ብርማ ግራጫ ይለወጣል። ይህን መልክ የሚወድ ሰው ከሁሉም ያነሰ ድካም ያለበትን መንገድ መርጧል፤ የሚላጥ ነገር ስለሌለ የሚጠገንም የለም። የአበላሸቱ መንገድም አዝጋሚ ነው፤ ለስላሳው የእንጨት ክፍል እየታጠበ ይሄድና ጠንካራው ጅማት ጎላ ብሎ ይቀራል፤ እጅ ሲያልፍበት ይሻክራል።

ለወለል ከዚህ ሌላ አማራጭ የለም ብዬ በእርግጠኝነት እናገራለሁ። የቲክ ወለል በቫርኒሽ ከተቀባ ውኃ ሲነካው እንደ መስታወት ያንሸራትታል፤ ጀልባዋ ወደ ጎን ባዘነበለች ጊዜ በወለሉ ላይ ለሚራመድ ሰው ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ወለሉን በለስላሳ ብሩሽ፣ የእንጨቱን ጅማት አግድም አቋርጠው፣ በባሕር ውኃ ይጠቡት፤ ጨው ሻጋታን ያዳክማል። በኃይል ውኃ የሚረጨውን ማጠቢያና ጠንካራውን የአሲድ ማጽጃ ግን ያርቁ። ሁለቱም እንጨቱን በአንድ ከሰዓት ወርቃማ ያደርጉታል፣ ያን የሚያደርጉት ግን ለስላሳውን ጅማት እየበሉ ነው። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ወለል በየዓመቱ እንዲህ ከተደረገበት ብሎኖቹን የሸፈኑት የእንጨት ውታፎች ብዙም ሳይቆዩ ይወጣሉ። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚባለው በዚህ ላይ ቃል በቃል ይፈጸማል። ቲክ ደግሞ እንደ ድሮው በቀላሉ የሚተካ እንጨት አይደለም፤ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 በምያንማር የመንግሥት የእንጨት ድርጅት ላይ ማዕቀብ ከጣለ ወዲህ ከዚያ የሚመጣው ጥሩ ቲክ ይበልጥ ብርቅ ሆኗል። ከጀልባዎ ላይ በማጽጃም ሆነ በብርጭቆ ወረቀት የሚያነሱት እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ተመልሶ የማይመጣ መሆኑን ያስቡ።

ዘይት

እንጨትን ዘይት ማጠጣት ጥንታዊ ነው። በቀይ ባሕርና በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ይመላለሱ የነበሩት የዳው ጀልባዎች ከሕንድ በመጣ ቲክ ይሠሩ ነበር፤ እንጨታቸውም የሻርክ ጉበት ዘይት እየተቀባ ይጠበቅ ነበር። የዚያ ዘዴ ጥንካሬ ግን ከዘይቱ ሳይሆን ከመርከበኞቹ ትጋት የመነጨ ነው፤ ዘይቱን ደጋግመው ይቀቡት ነበር።

ዛሬ «የቲክ ዘይት» ተብሎ በጣሳ የሚሸጠው በአብዛኛው እኛ በእርጥብም በደረቅም የምናውቀው የተልባ ዘይት ወይም ቱንግ ከተባለ የቻይና ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት ሲሆን፣ በማቅጠኛ ተበርዞ ጥቂት ሙጫ ተጨምሮበታል። አቀባቡ ቀላል ነው፤ በጨርቅ ያብሳሉ፣ ይጠብቃሉ፣ የተረፈውን ይጠርጋሉ። መልኩም ሞቅ ያለ ነው። ነገር ግን ፀሐዩ በሚበረታበት ወቅት ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለት ወይም ሦስት ወር ብቻ ይቆያል፤ የተልባ ዘይት ደግሞ ለሻጋታ ምግብ ስለሚሆን እርጥበት ባለበት አካባቢ እንጨቱ በጥቁር ነጠብጣብ ይሸፈናል። ዝናብ ሲመጣ ዘይቱ ጄልኮት ወደሚባለው ነጭ የፋይበርግላሱ የላይ ልባስ እየፈሰሰ ቡናማ መስመር ይተዋል። አበላሸቱ አደገኛ አይደለም፣ ግን ፈጣን ነው፤ ስለዚህ ለውጭ እንጨት ዘይትን አልመክርም። የሚመርጠው ሰው ካለ አንድ ነገር ይያዝልኝ፦ በተልባ ወይም በቱንግ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተቀመጠ ራሱን በራሱ አሙቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ጨርቁን ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውኃ በሞላበት የብረት ዕቃ ውስጥ ይንከሩት።

ከዘይት ትንሽ የሚሻሉት «ሲለር» የሚባሉት ቀጫጭን ፈሳሾች ናቸው። በእንጨቱ ላይ ወፍራም ልባስ አይሠሩም፣ ስለዚህም አይላጡም፤ ሲደበዝዙ እንጨቱን በሳሙና አጥቦ እንደገና መቀባት ብቻ ነው። ቲክ ግራጫ እንዳይሆንበት ለሚፈልግ ነገር ግን አንጸባራቂ መልክ ለማይፈልግ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ የሚደረግ ተገቢ ስምምነት ነው።

ቫርኒሽ

ብዙ የምለው ያለኝ እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከሁሉም የበለጠ የሚያምረውም፣ ከሁሉም የበለጠ በስህተት የሚሠራውም ይህ ነው። ጥሩ የባሕር ቫርኒሽ የተልባና የቱንግ ዘይት ከጠንካራ ሙጫ ጋር ተቀቅሎ፣ የጨረር መከላከያ ተጨምሮበት የሚሠራ ነው። ከቤት ዕቃ ቫርኒሽ የሚለየው ዘይቱ በመብዛቱ ነው፤ ዘይት የበዛበት ቫርኒሽ ሲደርቅም ይለጠጣል። መጀመሪያውኑ የተሠራው ለምሰሶ ነበር፤ ምሰሶ በነፋስ እየታጠፈ ስለሚኖር የማይለጠጥ ልባስ ይሰነጠቅበታል። የዋንዛ ወንበር ለማስዋብ የሚበቃው የሳሎን ቫርኒሽ ጀልባ ላይ አንድ ወቅት የማይሻገረው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ አካባቢ በብዛት የሚታየው እ.ኤ.አ. በ1902 በኔዘርላንድ አልስሜር ከተማ የተመሠረተው ኤፒፋነስ የሚያመርተው ነው፤ ሌሎችም ጥሩ አሉ፣ እና በመካከላቸው ያለው ልዩነት በአቀባብ ጥንቃቄና በግድየለሽነት መካከል ካለው ልዩነት እጅግ ያነሰ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቲክ ከሆነ እንጨቱን አሴቶን በተባለው ቶሎ የሚተን ማጽጃ ፈሳሽ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፤ የራሱ ዘይት ከገጹ ካልተነሳ ቫርኒሹ አይዝም፣ ዘይቱ ተመልሶ ሳይወጣም ወዲያው መቀባት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው እጅ በግማሽ ይቀጥናል፣ ሁለተኛው በ25 በመቶ፣ ሦስተኛው በ15 በመቶ ገደማ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት እንዳሉ ይቀባሉ። ቀጭኑ ወደ ጅማቱ ጠልቆ ሥር ይይዛል፣ ወፍራሙ ፀሐዩን ይከላከላል። በየመካከሉ በ220 ከዚያም በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ ማሸት ያስፈልጋል፤ ገጹ ካልሻከረ ቀጣዩ እጅ የሚጨብጠው አያገኝም። ከስድስት እስከ ስምንት እጅ ሳይደርሱ አያቁሙ። በሦስት እጅ የተተወ ቫርኒሽ ለዓይን የተፈጸመ ይመስላል፣ ለፀሐይ ግን ስስ ነው። ሹል የሆነውን የእንጨት ማዕዘን አስቀድመው ክብ ያድርጉት፤ ልባሱ ከሹል ጠርዝ ላይ እየሸሸ ስለሚሳሳ መላጡ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጣሳውን ፈጽሞ አያናውጡት። በዝግታ በእንጨት ያማስሉት፣ ለዕለቱ የሚበቃዎትን ብቻ በወንፊት ወረቀት አጥልለው ወደ ሌላ ኩባያ ይቅዱ። ብሩሹን አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነክረው መጀመሪያ ቫርኒሹን አግድም ያሰራጩት፣ ቀጥሎ በብሩሹ ጫፍ ብቻ፣ ልክ አቧራ እንደሚያነሱ ሆነው፣ በጅማቱ አቅጣጫ ከደረቀው ወደ እርጥቡ ይሳቡት። ፊትዎን ወደ እንጨቱ ዝቅ አድርገው ብርሃኑ በላዩ ላይ ሲተኛ ቢመለከቱ የብሩሹ መስመሮች ቀስ በቀስ ሲዋጡና ገጹ እንደ ማር ሲረጋ ያያሉ። በዚያች ደቂቃ የቀረ ነጠብጣብ ካዩ ይተዉት፤ መድረቅ የጀመረ ቫርኒሽ ከተነካ ጠባሳው ይቀራል፣ በማግስቱ ግን በብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ ይነሳል።

ጊዜ መምረጥ የሥራው እኩሌታ ነው። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ወይም ከ30 በላይ ከሆነ አይቀቡ። ጤዛው ደርቆ፣ ማለትም ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምረው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይጨርሱ፤ ማታ ጤዛ የወረደበት ያልደረቀ ቫርኒሽ ንጣቱ ይወጣና ብርሃኑ ይሞታል። በቼሳፒክ ደግሞ በኤፕሪልና በሜይ መጀመሪያ ከኦክና ከጥድ ዛፎች የሚበንነው ቢጫ የአበባ ዱቄት አለ። አንድ ዓመት ስድስተኛውን እጅ በንጹሕ ጠዋት ቀብቼ፣ ምሳ በልቼ ስመለስ የእጅ መያዣው በሙሉ በርበሬ የተነሰነሰበት ያህል ቢጫ ለብሶ አገኘሁት፤ እስኪደርቅ ጠብቄ ሁሉንም አሽቼ ማንሳት ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ዋናውን ሥራ የምሠራው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ነው፤ አየሩ ደረቅ፣ ሙቀቱ ልከኛ፣ ዛፎቹም ጸጥ ያሉ ናቸው።

ቫርኒሽ ሲበላሽ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ብርሃኑን ያጣል፤ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። በዚህ ጊዜ አሽተው አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢጨምሩለት፣ ይህንንም በየዓመቱ ቢያደርጉ፣ እስከ እንጨቱ መፋቅ ሳያስፈልግ ብዙ ዓመት ይኖራል። ማስጠንቀቂያው ካለፈ ግን በመጋጠሚያና በብሎን ዙሪያ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ይገባል፣ እንጨቱ በሥሩ ይጠቁራል። ያኔም ቢሆን ቫርኒሽ ጥሩ ጠባይ አለው፤ በሞቀ አየር መንፊያ ለስልሶ በመፋቂያ እንደ ሪባን ይነሳል፣ የተጎዳውን ቦታ ብቻ ለይቶ መጠገንም ይቻላል። እኔ በጀልባዋ ውስጥ በታጠበ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ ጥቂት የቀጠነ ቫርኒሽ አስቀምጣለሁ። ገመድ ወይም የብረት ዘለበት የእጅ መያዣውን በቧጨረው ቀን፣ እንጨቱ ከደረቀ፣ በጠርሙሱ ብሩሽ አንድ ጊዜ መንካት ውኃውን በር ላይ ያስቀረዋል። ይህን ዓይነት ጥቃቅን ጥገና የሚፈቅድ ሌላ አንጸባራቂ መቀቢያ አላገኘሁም።

ሴቶልና መሰሎቹ

ሴቶል የተባለው መቀቢያ የቫርኒሽን ድካም ለማይችል ሰው የተሠራ ነው። በውስጡ ያለው ጥቃቅን የብረት ኦክሳይድ ቀለም ጨረሩን ስለሚያግድ ብዙ እጅ አይጠይቅም፤ ሦስት ይበቃዋል። በአንድ ቀን ልዩነት ከተቀባም በየመካከሉ ማሸት ግዴታ አይደለም። በላዩ ላይ አንጸባራቂ ልባስ የሚጨምር ሰው አለ፤ ያለዚያ ገጹ ከፊል አንጸባራቂ ሆኖ ይቀራል። በየዓመቱ አጥቦና ገጹን ቀለል አድርጎ አሽቶ አንድ እጅ መጨመር ያስፈልጋል።

የሚነቀፍበት ነገር መልኩ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ወደ ብርቱካን የሚያዘነብል ሲሆን የእንጨቱንም ጅማት ያደበዝዛል፤ በኋላ የወጡት ቀለል ያሉ ዓይነቶች ተሻሽለዋል። ሆኖም በየዓመቱ እየተደራረበ ሲሄድ ሁሉም እየጨለመ ይሄዳል። ለእኔ ግን የአበላሸቱ ሁኔታ ከመልኩ ይበልጥብኛል። ከቫርኒሽ የተሻለ እርጥበት ስለሚያስተነፍስ በትልልቅ ልጣጮች አይነሳም፣ ቦታ ቦታ እየሳሳ ይሄዳል፤ የሳሳውን ቦታ አጽድቶ መንካትም ይቻላል፣ አዲሱም ከአሮጌው ጋር በደህና ይዋሃዳል። ውኃ ከሁለቱም ወገን ለሚገባበትና ብሎን ለበዛበት የወለል ዳር ጠርዝ ከሁሉም በላይ የምመክረው ይህንን ነው። ጀልባውን በወር አንድ ጊዜ ብቻ ለሚያይ ሰውም እንዲሁ።

ሁለት ፈሳሽ የሚቀላቀልባቸው

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር አለብኝ። ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚቀባው ፖሊዩሪቴን በጥንካሬው የሚወዳደረው የለም። በአግባቡ በተዘጋጀና ፍጹም በደረቀ እንጨት ላይ ሲቀባ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ብርሃኑን ይዞ ይቆያል። አንዳንዶቹ ደግሞ በአንድ ቀን ብዙ እጅ መደራረብ ስለሚያስችሉ ሥራው ቶሎ ያልቃል። የጣሳው ተስፋ ውሸት አይደለም።

ችግሩ ከኋላ ለሚመጣ ውኃ መልስ የሌለው መሆኑ ነው። ጀልባዋን ስገዛ የወለሏ ዳር ጠርዝ በዚሁ ዓይነት መቀቢያ የተለበጠ ነበር፤ ዓይን ያወጣው ያ ብርሃን እንድገዛት ከገፋፉኝ ነገሮች አንዱ እንደነበር አልክድም። በሁለተኛው ጸደይ ከብሎኖቹ አጠገብ ደመና የመሰሉ ነጭ ቦታዎች ታዩ። አንዱን በጥፍሬ ጫፍ ባነሳው ከክንዴ የሚረዝም ልጣጭ እንደ ፕላስቲክ ወረቀት ተገሽልጦ መጣ፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ጥቁርና እርጥብ ነበር፣ ሽታውም የታፈነ ቤት ሽታ። ቀሪው ክፍል ግን እንደ ድንጋይ ተጣብቋል። የሞቀ አየር አላለሰለሰውም፣ መፋቂያው እንጨቱን እየሞረደ እንጂ ልባሱን እየለየ አልሄደም፤ ስጨርስ ከእንጨቱ ውፍረት ላይ በዓይን የሚታይ ያህል ቀንሷል። ሰበቡ መቀቢያው አልነበረም፤ ጠርዙ ከፋይበርግላሱ ጋር የተገናኘበት ማሸጊያ አርጅቶ ውኃ ከሥር ያስገባ ነበር፣ የማይተነፍሰው ልባስ ደግሞ ያን ውኃ ቆልፎ ያዘው።

በመሆኑም ይህን የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ እንጨቱን ነቅሎ፣ ብሎኖቹን በአዲስ ማሸጊያ መልሶ፣ እንጨቱም እስኪደርቅ ሳምንታት ጠብቆ መሆን አለበት። ከአብዛኞቹ ጋር የሚመጣው ማጠንከሪያ አይሶሳይኔት የተባለ ለሳንባ አደገኛ ኬሚካል ስላለው ተገቢው ማጣሪያ ያለው የትንፋሽ መከላከያ ጭምብልና ጓንት ግዴታ ነው፤ ተራ የአቧራ ጭምብል አይረዳም።

ከዚሁ ጋር የሚነሳው ኢፖክሲን፣ ማለትም ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክረውን ሙጫ፣ ከሥር ቀብቶ በላዩ ቫርኒሽ መደረብ ነው። ኢፖክሲ ውኃን በሚገባ ይከለክላል፣ ፀሐይን ግን ፈጽሞ አይችልም፤ የላዩ ቫርኒሽ ከሳሳ ቢጫ ሆኖ ይደርቅና ይላጣል። ከጀልባው ሊነቀልና በስድስቱም ወገን ሙሉ በሙሉ ሊለበጥ ለሚችል ዕቃ፣ በተለይ ተደራርቦ ለተጣበቀ የመሪ እጀታ፣ እጅግ ጥሩ ነው። ከጀልባው ጋር በብሎን ለታሰረ እንጨት ከላይ የተናገርኩት ችግር ሁሉ ይመለከተዋል።

ቀለም

የእንጨት ውበት ለሚወድ ሰው ይህን መስማት ቅር ያሰኘዋል፤ ነገር ግን እንጨትን ከፀሐይ የሚጠብቅ ከቀለም የተሻለ ነገር የለም። ግልጽ ስላልሆነ ጨረሩ ወደ እንጨቱ አይደርስም። በዚሁ በቼሳፒክ ኦይስተር የተባለውን ቅርፊት ለበስ የባሕር እንስሳ ሲያጠምዱ የኖሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የሜሪላንድ ግዛት መለያ ጀልባ ሆነው የተሰየሙት ስኪፕጃክ የሚባሉት የእንጨት ሸራ ጀልባዎች አካላቸው ነጭ ቀለም የተቀባ ነው፤ ለኑሮ የሚሠራ ሰው ለእንጨቱ ዕድሜ የመረጠው ይህን ነበር። ሴንት ማይክልስ በሚገኘው የቼሳፒክ ቤይ የባሕር ሙዚየም እነዚህን ጀልባዎች በቅርብ ማየት ይቻላል፤ ለመምረጥ የሚያመነታ ሰው ቀለም የተቀባውን ቫርኒሽ ከተቀባው ጋር አጠገብ ለአጠገብ ቢመለከት ይጠቀማል።

የቀለም እንከን ከሥሩ የሚሆነውን መደበቁ ነው፤ መበስበስ ሲጀምር በቫርኒሽ በኩል ጥቁረቱ ይታያል፣ በቀለም በኩል አይታይም። ስለዚህ የተቀባውን እንጨት በየጸደዩ በመፍቻ እጀታ እየቆረቆሩ ድምፁን ያዳምጡ፤ የጤነኛው እንጨት ድምፅ ጥርት ያለ ሲሆን የበሰበሰው ድፍን ነው። ደግሞም ጅማቱ ክፍት ከሆነ እንጨት ላይ ቀለምን ጨርሶ ፍቆ ወደ ግልጽ መቀቢያ መመለስ አድካሚ ነው፤ ይህ ውሳኔ እንደ ዋዛ የሚለወጥ አይደለም። ለመዝጊያ ሳንቃ ውስጣዊ ጠርዝ፣ ለተጠገነና መልኩ ለተበላሸ ማሆጋኒ፣ ለምሰሶው ጫፍ ቀለም ይመረጣል። የእንጨት ምሰሶ ያላቸው ብዙ ጀልባዎች የምሰሶውን ጫፎች ነጭ የሚቀቡት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ውኃ የሚጠጣው የተቆረጠው ጫፍ ስለሆነ ነው።

በየትኛውም ላይ የሚጨመር ሽፋን

የምርጫውን ሚዛን ከሁሉ በላይ የሚለውጠው በጣሳ የሚሸጥ አይደለም። ፀሐይ በሚችል የሸራ ጨርቅ ተሰፍቶ ለመሪ እጀታ፣ ለእጅ መያዣና ለመዝጊያ ሳንቃ የሚደረግ ልብስ የቫርኒሽን ዕድሜ በእጥፍና ከዚያም በላይ ያራዝማል። በእኔ ጀልባ ላይ ሽፋን ያለው የመሪ እጀታ ሦስት ዓመት ሙሉ ከማጠብ በቀር ምንም አልፈለገም፤ ከእሱ በአንድ ሜትር ርቀት ያለው ያልተሸፈነ የእጅ መያዣ ግን በዚያው ቫርኒሽ በዚያው ቀን ተቀብቶ በየዓመቱ አዲስ እጅ ይጠይቃል። የስፌት መኪና ያለው ሰው በአንድ ቅዳሜ ይሠራዋል። ጨርቁ ግን እንጨቱን አጥብቆ እንዳይይዘውና ከሥሩ አየር እንዲዘዋወር ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ይሰፋ፤ እርጥበት ከያዘ ጥቅሙ ይቀራል።

እንግዲህ የትኛውን?

መጀመሪያ በዓመት ስንት ቀን ለእንጨቱ እንደሚሰጡ በሐቅ ይቁጠሩ። መልሱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ከሆነና እንጨቱ ቲክ ከሆነ ባዶውን ይተዉት ወይም ሴቶል ይቀቡት፤ በዚህ ጊዜ ቫርኒሽ መጀመር በሦስተኛው ዓመት የሚፋቅ ነገር ማከማቸት ነው። አራት ወይም አምስት ቀን ካለዎት ለሁሉም እንጨት አይበትኑት፤ ዓይን የሚያርፍባቸውንና ሊነቀሉ የሚችሉትን፣ ማለትም የመሪ እጀታውንና የመዝጊያ ሳንቃዎቹን፣ ቫርኒሽ ይቀቡ፣ ሽፋን ያልብሷቸው፣ ሌላውን በቀላሉ የሚጠገን ነገር ይቀቡት። ሁለት ፈሳሽ የሚቀላቀልበትን የሚመርጡት እንጨቱን ነቅለው እንደገና ለማሸግ ዝግጁ ከሆኑ ብቻ ነው። ማሆጋኒ ወይም ስፕሩስ ካለዎት ደግሞ ሳይቀባ የሚያልፍ አንድም ዓመት አይኑር።

እኔ ጀልባዋ ላይ አሁን ያደረግኩት ይህን ነው፦ የወለሉ ዳር ጠርዝ ሴቶል፣ የእጅ መያዣዎቹ ስምንት እጅ ቫርኒሽ፣ የመሪው እጀታ ኢፖክሲና ቫርኒሽ ከሸራ ሽፋን ጋር፣ የመቀመጫዎቹ ቲክ ባዶ። የመዝጊያ ሳንቃዎቹን በኖቬምበር ነቅዬ ወደ ቤት እወስዳቸዋለሁ፤ ጤዛም የአበባ ዱቄትም በሌለበት ሞቃት ክፍል ውስጥ በቀን አንድ እጅ እየቀባሁ በሁለት ሳምንት ይጠናቀቃሉ። ከዚህ ሥራ ጋር ፈጽሞ የማይተዋወቅ ሰው ካለ ከእነዚያ ሳንቃዎች ይጀምር፤ ሁለት ጊዜ ቢበላሽበትም ከጠረጴዛው ሳይነሳ አሽቶ እንደገና ሊቀባቸው ይችላል።